ባለ አራት ተርሚናሉ ስፒከር

በከሚሴ ሳሎኖች ሁለት ዓይነት ስፒከር ታያላችሁ። አንደኛው ከሱቅ በካርቶኑ የሚገዛው፣ ብሉቱዝና ፍላሽ የሚቀበለው፣ ፊቱ ላይ ባለ ቀለም መብራት የሚያብለጨልጨው ነው። እሱ ገመዱ ከፋብሪካው ስለተወሰነለት የሚያከራክር ነገር የለውም። ሁለተኛው ከሳዑዲ ወይም ከኤምሬትስ የተመለሰ ዘመድ በካርጎ ያስመጣው፣ አለዚያም ከመርካቶ በሁለተኛ እጅ የተገዛው ከባድ የእንጨት ሳጥን ነው። አምፕሊፋየሩ ለብቻ፣ ስፒከሩ ለብቻ። ከጀርባው ሲታይ አንዳንዱ ቀይና ጥቁር ሁለት ተርሚናል ብቻ አለው። አንዳንዱ ግን አራት አለው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር የሚያገናኙ ወርቃማ ቅብ ያላቸው ሁለት ትናንሽ የብረት ቁራጮችም ተጋድመውበታል።

ክርክሩ የሚጀምረው ከእነዚህ ቁራጮች ነው። ተነቅለው ከአምፕሊፋየሩ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ሁለት ጥንድ ገመድ ይዘርጋ? ወይስ ባሉበት ይቆዩና አንድ ጥንድ ይበቃል? የመጀመሪያው አሠራር ባይዋየሪንግ ይባላል። በውጭው ዓለም የድምፅ ነገር የማያስተኛቸው ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል፤ አምራቾቹም አልተስማሙም። የካሊፎርኒያው ቫንደርስቲን ደንበኞቹ እንዲያደርጉት አጥብቆ ይመክራል። ዋርፍዴልና ቢ ኤንድ ደብልዩ ብዙ ሞዴሎቻቸውን ባለ አራት ተርሚናል አድርገው ሠርተዋል። የዴንማርኩ ዳይናውዲዮ በአንጻሩ አንድ ጥንድ ይበቃል ባይ ነው። ኬኢኤፍም እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ኤልኤስ50፣ ያን ያህል የተወደሰው ስፒከር፣ ከጀርባው አንድ ጥንድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ «የውጭ ባለሙያዎች እንዲህ ይላሉ» ብሎ የሚከራከር ሰው ለየትኛውም ወገን ምስክር አያጣም።

መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን እንይ። ትልቁ ዉፈር ቤዙንና መካከለኛውን ድምፅ፣ ትንሹ ትዊተር ቀጭኑን ያወጣሉ። በሁለቱ መካከል ክሮስኦቨር የሚባል የኮይልና የካፓሲተር ሰሌዳ አለ፤ ሥራው የመጣውን ድምፅ መክፈል ነው። ብዙውን ጊዜ ድንበሩ ከ2000 እስከ 3000 ሄርዝ አካባቢ ነው። የወሎ መንዙማ ሲከፈት ይህ አከፋፈል በጆሮ ይለያል። የድቤው ጉምታ ወደ ዉፈሩ ይሄዳል። የጭብጨባው ስለትና የመሪው «ሰ» እና «ሸ» ወደ ትዊተሩ ይወጣሉ። የቀረው የሰው ድምፅ በአብዛኛው ከዉፈሩ ይመጣል፤ የሚያጠራው ግን ትዊተሩ ነው። ባለ አራት ተርሚናል ስፒከር ላይ የክሮስኦቨሩ ሁለት ክፍሎች ለየብቻ ወደ ውጭ ወጥተዋል። ላይኛው ጥንድ የትዊተሩ፣ ታችኛው የዉፈሩ ነው፤ የብረት ቁራጮቹ ደግሞ ሁለቱን መልሰው አንድ ያደርጓቸዋል።

አስቀድሞ መጥራት ያለበት አንድ ወሬ አለ። «አብሽር፣ ሁለት ገመድ ካረግህለት ዋቱ እጥፍ ይሆናል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። አይሆንም። አምፕሊፋየሩ ያው አንዱ ነው፤ ኃይሉም ያው ነው። ለትዊተሩ አንድ፣ ለዉፈሩ ሌላ አምፕሊፋየር መመደብ ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው። እዚህ የምንመዝነው አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ጥንድ ገመድ ያለውን ብቻ ነው።

ለአሠራሩ የሚቆሙት ሰዎች ያላቸው ማስረጃ ተቃዋሚዎቻቸው እንደሚያቀሉት አይደለም። ተቃዋሚው ቶሎ የሚያነሳው «ሁለቱም ገመድ ከአንድ አምፕሊፋየር የሚወጣ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሸከሙት፤ ታዲያ ምን ተለወጠ?» የሚል ነው። ይህ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የሁለቱ ገመዶች ቮልቴጅ አምፕሊፋየሩ ዘንድ አንድ ነው፤ በውስጣቸው የሚሄደው ከረንት ግን ይለያያል። የትዊተሩ ክሮስኦቨር ቤዝን አይቀበልም፤ የማይቀበለው ከረንት ደግሞ በዚያ ገመድ አይሄድም። ቁራጮቹ ሲነቀሉ የድቤው ከባድ ከረንት በታችኛው ገመድ፣ የጭብጨባው ቀላል ከረንት በላይኛው ይጓዛል። መለየቱ እውነት ነው፤ በመሣሪያም ይለካል።

መለየቱ ምን ይጠቅማል? አንድ ገመድ ብቻ ሲኖር ድቤው በተመታ ቁጥር በገመዱ ላይ ጥቂት ቮልቴጅ ይጠፋል፤ በዚያው ገመድ ላይ የተንጠለጠለው ትዊተርም ያንን መውረድ ይካፈላል። ዉፈሩ ሲርገበገብ ራሱም ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ኋላ ይልካል፤ ይህም በጋራው ገመድ ወደ ትዊተሩ ተርሚናል ይደርሳል። ሁለት ገመድ ሲሆን መገናኛቸው አምፕሊፋየሩ ዘንድ ይሆናል፤ እዚያ ሲደርስ አምፕሊፋየሩ ይውጠዋል። ቫንደርስቲን አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ የቤዙ ከረንት በገመዱ ዙሪያ የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ በመሣሪያ እንደለኩት፣ ይህም ደካማውን ቀጭን ድምፅ ይረብሻል ብለው እንደሚያምኑ ይናገራሉ። ስለዚህም ሁለቱን ገመዶች በአንድ ወይም በሁለት ኢንች አራርቃችሁ ዘርጉ ይላሉ።

ተቃዋሚው የመጨረሻዋን ነጥብ አይቀበልም፤ እኔም እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። መስኩ አለ፤ መዳብ ግን ሁለት ድምፅ አብረው ስላለፉበት ሦስተኛ ድምፅ አይፈጥርም። ድቤና ጭብጨባ በአንድ ሽቦ አልፈው ሌላኛው ጫፍ ላይ ያው ድቤና ጭብጨባ ሆነው ይወጣሉ። ከቀሩት ዋናው የመጀመሪያው ነጥብ፣ በገመዱ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ነው። እሱ በቁጥር ስለሚመዘን ክርክሩን ከአፍ ወደ ወረቀት ያወርደዋል።

ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ 5 ሜትር አለ እንበል፤ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ሽቦ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ቀይና ጥቁር ቀጭን ገመድ ውፍረቱ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆንና እውነተኛ መዳብ ቢሆን፣ በዚህ ርቀት 0.34 ኦም ያህል ይቋቋማል። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ደግሞ 0.07 ኦም። ጀርባው ላይ 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በሁሉም ድምፅ ላይ 8 አይሆንም፤ አንዱ ቦታ ወደ 4 ይወርዳል፣ ሌላው ቦታ ከ20 ይበልጣል። በቀጭኑ ገመድ 4 ኦም የሆነበት ቦታ 0.7 ዴሲቤል ያህል ሲያጣ፣ 20 የሆነበት 0.15 ብቻ ያጣል። ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል በላይ ስለሆነ ልምድ ያለው ጆሮ ሊይዘው ይችላል። በባለ 2.5 ግን ያው ልዩነት ከ0.1 ዴሲቤል ብዙም አይዘልም። እሱን እሰማለሁ የሚለኝን ሰው አልከራከረውም፤ ዓይኑን ሸፍኖ እንዲሰማ ግን እጠይቀዋለሁ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው ለአሠራሩ ተከራካሪዎች የሚመች ነው፤ ገመዱ ቀጭንና ረጅም ሲሆን የሚሉት ለውጥ ምናብ አይደለም። ሁለተኛው ግን አይመቻቸውም። ባይዋየር ሲደረግ ዉፈሩ አሁንም ያንኑ አንድ ቀጭን ገመድ ነው የሚያገኘው፤ የእሱ ኪሳራ ንቅንቅ አይልም። የዳነው ትዊተሩ ብቻ ነው። ያው ሰው ያንኑ ሁለት ጥንድ ቀጭን ገመድ ዘርግቶ ቁራጮቹን ሳይነቅል ቢተዋቸው፣ ሁለቱ ገመዶች እንደ አንድ ወፍራም ገመድ ሆነው 0.34 ወደ 0.17 ይወርዳል፤ ዉፈሩም ትዊተሩም ይጠቀማሉ። አንድ ባለ 2.5 ቢገዛ ደግሞ ከሁለቱም ይሻለዋል። ባይዋየሪንግ የሚፈታው ችግር አለ፤ ያንኑ ችግር በቀላሉ የሚፈታ ሌላ መንገድም አለ።

እንዲህ ከሆነ ያን ሁሉ ሰው «ቀየርኩት፣ ድምፁ ጠራ» የሚያሰኘው ምንድነው? ውሸታም ማለት ደግ አይደለም። መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው ከብረት ቁራጮቹ ዘንድ ይመስለኛል። ሃያ ዓመት የኖረ ስፒከር ከጀርባው በባትሪ ሲታይ ወርቃማው ቅብ ተልጦ ከሥሩ ያለው ነሐስ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነገር ይዟል፤ ተርሚናሉ በጣት ሲነካ ይዞራል። የከሚሴ ሙቀትና ከመንገዱ የሚነሳው አቧራ ደግሞ አያዝኑለትም። ትዊተሩ የሚመገበው በዚህ ቁራጭ በኩል ብቻ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ ይደክማል፤ አልፎ አልፎም ይቆራረጣል። ባይዋየር ያደረገው ሰው ቁራጩን ነቅሎ ጣለው፣ የገመዱን ጫፍ አዲስ ላጠው፣ አራቱንም ተርሚናል አጥብቆ አሰረ። የተሻለው እውነት ነው፤ ያሻለው ግን የሁለተኛው ገመድ መኖር ላይሆን ይችላል። ቁራጩን አውጥቶ በቦታው ከዋናው ገመድ የተቆረጠ የአንድ ጣት ያህል ሽቦ ማሰር ያንኑ ያደርጋል፤ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም።

እዚህ ላይ የተቃዋሚው ወገን የሚረሳውን ልጨምር። ቁራጩ የጠፋበት ስፒከር ብዙ ነው። በካርጎ መጥቶ፣ በሁለት ሰው እጅ አልፎ፣ ላይኛው ተርሚናል ባዶውን የቀረ አለ። ባለቤቱ ገመዱን ታች ብቻ አስሮ «ትዊተሩ ተቃጥሏል» እያለ ይኖራል። እንዲህ ላለው ሰው ሁለተኛ ጥንድ ገመድ መዘርጋት መፍትሔ ነው፤ ቁራጭ ሽቦ ማሰርም እንደዚያው።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚፈሰው ለየትኛው ድምፅ እንደሆነ ስናይ ነው። ባቲ፣ እንደ ከሚሴ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ያለችው የሰኞ ገበያ ከተማ፣ ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ ይጠራል። የማሪቱ ለገሰን ድምፅ ወይም የአስናቀች ወርቁን ክራር ለማጣጣም ስፒከር የሚያጠራ ሰው ይገባኛል፤ የክራር ክር ሲመታ ያለችው የመጀመሪያዋ ቅጽበት ጥሩና መጥፎ ስፒከርን ትለያለች። ነገር ግን ሰውየው የሚሰማው ቅጂ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ኤምፒ3፣ ከዚያ ዘፈን በሚጫንበት ሱቅ ወደ ፍላሽ የተላለፈ ከሆነ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከመንገድ ቀርቷል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ካቋቋሙት አምሃ ሪከርድስ የወጡት ሸክላዎችም ብዙዎቹ በሞኖ የተቀረጹ ናቸው። እነዚህን የገመዱ ነገር አይሞቃቸውም አይበርዳቸውም። ከተቻለ ከተመሳሳዩ ሥራ የተሻለውን ቅጂ መፈለግ ከገመዱ በብዙ ይበልጣል። ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ከወጡት ሲዲዎች ውስጥ 16ኛው የአስናቀች ነው፤ እሱንና የፍላሹን ቅጂ ተራ በተራ የሰማ ሰው የትኛው ለውጥ ትልቅ እንደሆነ ሌላ ሰው አይነግረውም።

ክፍሉም አለ። የከሚሴ ሳሎን በብዛት መጅሊስ ነው፤ ፍራሽና ትራስ በግድግዳው ዙሪያ፣ ምንጣፍ መሬት ላይ። ለድምፅ ይህ ጸጋ ነው። ባዶ የሲሚንቶ ወለል የሚያስተጋባውን ፍራሹ ይውጠዋል። ግን መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ከመሬት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስፒከሩ ደግሞ ልጅ እንዳይነካው ተብሎ ቡፌ ላይ ተሰቅሏል። የትዊተሩ ድምፅ ጠባብ ሆኖ ወደ ፊት የሚሄድ ስለሆነ ከተቀመጡት ሰዎች አናት በላይ ያልፋል። ድቤው ሲመታም ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ስፒከሩን ወደ ታች ማውረድ፣ ካልተቻለም ከኋላው እንጨት ከትቶ ፊቱን ወደ መጅሊሱ ማዘንበል የሚያመጣው ለውጥ በዴሲቤል ቢለካ ከላይ ካሰላነው ገመድ ሁሉ ይበልጣል። ገንዘብም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የቤቱን እመቤት ፈቃድ ነው። እሱም ቀላል አይደለም።

ገንዘቡን ካነሳን፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ወጥቷል፤ ከውጭ የሚመጣ የመዳብ ዕቃ ሁሉ ይህን ዋጋ ይሸከማል። ባይዋየሪንግ ገመዱን በእጥፍ ያስገዛል። እጥፍ ገመድ ልግዛ ያለ ሰው በተመሳሳይ ገንዘብ ምን ያገኝ እንደነበር ማሰብ አለበት። እኔ ብሆን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አምፕሊፋየሩን የሚጠብቅ ስታቢላይዘር አስቀድማለሁ። በሌላ በኩል ቤቱ ሲሠራ የተረፈ ባለ 2.5 ጥቅል ያለው ሰው አለ። ለእሱ ወጪ የሚባለው ክርክር አይሠራም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሞክረው፤ የሚያጣው ነገር የለም። ገመድ ሲገዛ ግን ቀለሙን ብቻ አይመን። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በገበያው ሞልቷል። በቢላ ፋቅ ሲደረግ ውስጡ ነጭ የሆነ እንደሆነ ከመዳቡ በላይ ይቋቋማል፤ ከላይ ያሉት ቁጥሮችም አይሠሩለትም።

ሁለቱን ካመዛዘንኩ በኋላ ወደ አንዱ አደላለሁ። ገመድ ለሚገዛ ሰው አንድ ጥንድ ወፍራም መዳብ ይበቃዋል፤ ቁራጮቹን አጽድቶ ይመልሳቸው ወይም በሽቦ ይተካቸው። ሁለት ጥንድ ቀጭን ገመድ በእጁ ላለው፣ ሁለቱንም ዘርግቶ ቁራጮቹን ሳይነቅል ይተዋቸው። ሁለት ጥንድ ወፍራም ገመድ በነጻ ያለው ባይዋየር ያድርገው፤ ጉዳት የለውም፣ በወረቀት ላይ ጥቂት ጥቅም አለው፤ በራስ እጅ አስተካክሎ የመስማት ደስታም ቀላል አይደለም። በዚህ የማይስማማ ሰው ወንድሙን ወይም የአክስቱን ልጅ ጠርቶ ስፒከሩን ግድግዳ ዘንድ ሳይሆን ወጣ አድርጎ ያስቀምጥና እሱ ራሱ እንዳያይ ፊቱን ወደ መጅሊሱ አዙሮ ይቀመጥ። ልጁ ከኋላ አንዴ ቁራጩን አስሮ፣ አንዴ ነቅሎ፣ አንዳንዴም የቀየረ መስሎ ሳይቀይር፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ያንኑ መንዙማ ያስደምጠው። የመለሰውን በወረቀት ይያዙት። በግምት ከሚገኘው ግማሽ በግልጽ ከበለጠ ሰውየው ትክክል ነው፤ እኔም የምቀበለው ይህን ነው።

ለመሥራት የወሰነ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አምፕሊፋየሩ ሳይጠፋ ገመድ አይነካ፤ ሁለት ባዶ ጫፎች ሲነካኩ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አንዳንዱ አምፕሊፋየር ከኋላው «ኤ» እና «ቢ» የተባሉ ሁለት የስፒከር መውጫዎች አሉት፤ አንዱን ለላይኛው፣ ሌላውን ለታችኛው ተርሚናል ማሰር የተመቸ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። አንዳንድ ርካሽ አምፕሊፋየሮች ግን «ኤ+ቢ» ሲደረግ ሁለቱን አንዱን ከሌላው አስከትለው በሲሪስ ያያይዟቸዋል፤ ያን ጊዜ ዉፈሩና ትዊተሩ አንዱ በሌላው በኩል ለመተንፈስ ሲታገሉ ድምፁ ይሞታል። መመሪያው ከጠፋ ሁለቱንም ገመዶች «ኤ» ላይ አብሮ ማሰር ይሻላል።